«አልጠጣም» ያሉት ሕመምተኞች፦ የአንድ የጉበት በሽታ የስም ታሪክ

ስብ የሞላበት ጉበት ከጤናማው ይገዝፋል፤ ጥቁር ቀይ የነበረው ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲቆረጥም ቅባቱ ከቢላው ስለት ላይ ይቀራል። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች አስከሬን ሲከፍቱ በቀላሉ ያስተዋሉትም ለዚህ ነው። የለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1836 ስለ ጉበት በስብ መለወጥ የጻፈው ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዲሰን የጻፈው መጠጥ ስላጠቃቸው ሰዎች ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እንግሊዛዊው ዊሊያም ቦውማን በማይክሮስኮፕ እያየ ስቡ የሚከማቸው በጉበቱ ሕዋሳት ውስጥ መሆኑን ገለጸ። ቪየና ውስጥ ደግሞ ካርል ሮኪታንስኪ፣ ይህ ስብ ጉበትን ጠባሳ በጠባሳ ከሚያደርገው ሲሮሲስ ጋር ዝምድና እንዳለው ጠረጠረ።

ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ጉበቱ ከሰባ ሰውየው ጠጪ ነው፤ በቃ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ዊሊያም ፔፐርና ሮበርትስ ባርቶሎው የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ አንዱ በስኳር ሕመምተኛ፣ ሌላው በወፍራም ሰዎች ላይ ያንኑ ስብ አይተው ጽፈዋል። ብዙ ሰሚ ግን አላገኙም። በ1911 የቦስተኑ ፓቶሎጂስት ፍራንክ ማሎሪ በጠጪዎች የጉበት ሕዋሳት ውስጥ ቀለም ሲነኩ ሮዝ የሚሆኑ ጥምዝምዝ ክምችቶችን አሳየ። «የማሎሪ አካላት» የተባሉት እነዚህ ክምችቶች እንደ አልኮል ፊርማ ይታዩ ጀመር። ፊርማው የታየበት ሰው ሌላ መልስ ቢሰጥ የሚያምነው አልነበረም።

በ1952 ግን አንድ እንግዳ ጉዳይ ወደ መድረኩ መጣ። ካንሳስ ውስጥ፣ ቶፒካ ከተማ የሚሠራው ሐኪም ሳሙኤል ዜልማን በአንድ ወፍራም የሆስፒታል ረዳት ላይ የጉበት ሕመም አገኘ። ሰውየው የአልኮል ሱሰኛ አልነበረም። በቀን ግን ከሃያ ጠርሙስ በላይ ኮካ ኮላ ይጠጣ ነበር። ዜልማን ነገሩን በአንድ ሰው አላቆመም፤ የመጠጥ ሱስ የሌለባቸውን ሌሎች ወፍራም ሰዎች ሰብስቦ ጉበታቸውን መረመረና «ጉበት በውፍረት ጊዜ» በሚል ርእስ አሳተመ። ጉዳት ያላገኘበት ጉበት አልነበረም ማለት ይቻላል። ጽሑፉ የወጣው በታወቀ መጽሔት ላይ ቢሆንም የዘመኑን አስተሳሰብ አላነቃነቀውም።

ያነቃነቀው መርፌ ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ በሕይወት ካለ ሰው የጉበት ናሙና መውሰድ አስፈሪ ሥራ ነበር። በ1958 ጣሊያናዊው ጆርጆ ሜንጊኒ መርፌው በጉበት ውስጥ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ከአስከሬን ክፍል ውጭ ያሉ፣ ቆመው የሚሄዱ ሰዎች ጉበት በብዛት ከማይክሮስኮፕ ሥር የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጉበት ሲታይ ከተለመደው ታሪክ ጋር የማይገጥመውም በዛ። ቪየናዊው ሄሪበርት ታለር በ1962 የስብ ጉበት ከሲሮሲስ ጋር ስላለው ግንኙነት ሰፊ ጥናት አወጣ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እጅግ የወፈሩ ሰዎችን ለማክሳት አብዛኛውን የትንሹ አንጀት ክፍል ከምግብ መንገድ የሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና ይደረግ ነበር። ከተሠራላቸው መካከል አንዳንዶቹ ጉበታቸው ከዳቸው። ናሙናቸው ሲታይ ስቡ አለ፣ ብግነቱ አለ፣ የማሎሪ አካላትም አሉ። ፊርማው የአልኮል ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

የስም ታሪኩ የሚጀምረው በሐምሌ 1980 ሮቸስተር፣ ሚኒሶታ ካለው ማዮ ክሊኒክ ነው። ፓቶሎጂስቱ ዩርገን ሉድቪግ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የ20 ሕመምተኞችን የጉበት ናሙና መርምሮ በክሊኒኩ መጽሔት ላይ አቀረበ። የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ መካከለኛ ውፍረት ነበራቸው፤ ብዙዎቹ ስኳር ወይም የሐሞት ጠጠር አለባቸው። ሦስቱ ሲሮሲስ ላይ ደርሰዋል። ናሙናዎቹ የጠጪ ጉበት ይመስላሉ፤ ሰዎቹ ግን ጠጪ አልነበሩም።

ፓቶሎጂስቱ ከላብራቶሪ «የአልኮል ጉበት» ብሎ ይጽፋል። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ሕመምተኛዋን «ስንት ትጠጫለሽ?» ይላል። «አልጠጣም» ትላለች። ወረቀቱ ደግሞ ትጠጣለች ይላል። እንደገና ይጠየቃል፤ ባል ይጠራል፣ ልጆች ይጠየቃሉ። ማንም ቢመሰክርላት ወረቀቱን የሚረታ አይገኝም። የሉድቪግ ቡድን ይህን አሳፋሪ ምልልስ ያውቀው ነበር፤ በጽሑፉም አነሣው። ከዚህ ሙግት የሚያወጣ ስም ያስፈልግ ነበር። «ነን-አልኮሆሊክ ስቲያቶሄፓታይቲስ» አሉት፤ አልኮል ያላመጣው፣ ስብና ብግነት ያለበት ጉበት ማለታቸው ነው። ሲያጥር «ናሽ» ሆነ። በዚያው ጽሑፍ፣ በሽታው የሚታወቅ ውጤታማ ሕክምና እንደሌለው በግልጽ አሰፈሩ።

ስሙ የነጻነት ማስረጃ ሆኖ ተሰጠ። ችግሩ ክሱንም አብሮ መያዙ ነው። ሕመምተኛው ሰነዱን ባሳየ ቁጥር «አልኮል» የሚለው ቃል ይነበባል። ከዚህም በላይ ስሙ በሽታው ምን እንዳልሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። በ1980 ይህ ሐቀኝነት ነበር፤ ምን እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረምና።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ያው በሽታ በሦስት ሕፃናት ላይ መገኘቱ ተዘገበ። በ1986 ቪየናዊው ታለር ከኒው ዮርኩ ፌንተን ሻፍነር ጋር ሆኖ ስያሜውን አሰፋው፤ ብግነት ያለበትንም፣ ስብ ብቻ ያለበትንም አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚይዝ «ናፍልድ» (አልኮል ያላመጣው የስብ ጉበት በሽታ) የሚባል አጠቃላይ ስም ተፈጠረ። «አልኮል ያላመጣው» የሚለው ማስተባበያ እዚህም በስሙ መጀመሪያ ላይ ተተክሏል።

በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገረው መልስ ከጉበት ሐኪሞች ሠፈር ውጭ እየተዘጋጀ ነበር። በ1988 የስታንፎርዱ ጄራልድ ሪቨን፣ የደም ግፊት፣ የስኳር መዛባትና የደም ስብ ጭማሪ በአንድ ሰው ላይ የሚሰባሰቡት በአጋጣሚ አለመሆኑን፣ ከሥራቸው ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱ እንዳለ አስረዳ። በ1989 ደግሞ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ታወቀ። ያ ግኝት ብዙ ምክንያት ያልተገኘላቸውን የጉበት ሕመሞች ባለቤት ሰጣቸው። ቫይረሱ የራሱን ድርሻ ወስዶ ከሄደ በኋላም ግን የቀሩ አሉ፤ በብዛትም ወፍራሞችና የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቦሎኛው ጁሊዮ ማርኬዚኒና ባልደረቦቹ የሪቨንን ሐሳብ ከጉበት ጋር አገናኙት። ኢንሱሊን ሲናቅ ከስብ ማከማቻው የሚለቀቀው የስብ አሲድ በደም ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበቱም ራሱ ከስኳር ስብ ይሠራል። የገባው ከሚወጣው ይበልጣል። በሕዋሱ ውስጥ የተረፈው ስብ ደግሞ ቀስ በቀስ ሕዋሱን ያሳምማል፣ ብግነት ይጠራል፣ ብግነቱም ጠባሳ ይተዋል።

አዲሱ ክፍለ ዘመን ሲገባ የበሽታው ስፋት ታየ። በዳላስ ከተማ ነዋሪዎች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከሦስት አዋቂዎች የአንዱ ያህል ጉበት ከመጠን ያለፈ ስብ ተገኘበት። ከዚሁ ከተማ ጥናት በ2008 ፒኤንፒኤልኤ3 በተባለ ዘር-መል ላይ ያለ ልዩነት ሰውን ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጥ ታወቀ፤ አንዳንዱ ቀጭን ሰው ለምን እንደሚታመም ከፊል መልስ ተገኘ። ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ፋይብሮስካን የተባለ መሣሪያ ጉበትን ሳይወጋ ጥንካሬውን መለካት ቻለ። በ2015 ሃቫና ላይ ኤድዋርዶ ቪላር ጎሜዝና ባልደረቦቹ 293 ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ተከታትለው፣ ከክብደታቸው አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ 90 በመቶው ከናሽ መዳናቸውን፣ 45 በመቶው ደግሞ ጠባሳቸው ወደ ኋላ መመለሱን በናሙና አሳዩ። ከዓመት በኋላ በዜቡን ዩኖሲ መሪነት የታተመ ስሌት ከዓለም አዋቂዎች 25 በመቶ ገደማ በሽታው እንዳለባቸው ገመተ። ከፍተኛው ቁጥር የመካከለኛው ምሥራቅ ነበር፤ 32 በመቶ ግድም። ዝቅተኛው የአፍሪካ፤ 13 ከመቶ ተኩል ግድም።

የመካከለኛው ምሥራቁን ቁጥር ልብ ይሏል። አልኮል በሃይማኖት በተከለከለበት አገር፣ ከንፈሩን ነክቶት ለማያውቅ ሰው «አልኮል ያላመጣው» የሚል በሽታ አለብህ ይባላል። ጎረቤት የሚሰማው አንዱን ቃል ብቻ ነው።

የጉበት ሐኪሞች ስም መቀየር እንደሚቻል አስቀድመው አይተዋል። በ2015፣ ሲሮሲስ ላይ ላልደረሱ ሰዎች ጭምር «ሲሮሲስ» የሚል ስም ይለጥፍ የነበረ አንድ የሐሞት ቱቦ በሽታ በሕመምተኞች ግፊት ስሙ ተስተካክሏል። የናፍልድ ጉዳይ ግን የሚነካው ሰውና ገንዘብ እጅግ የበዛ ነበር።

በ2020 ሲድኒ ላይ የሚሠሩት መሐመድ ኢስላምና ጃኮብ ጆርጅ ከአሜሪካዊው አሩን ሳንያል ጋር ሆነው ሙከራውን ጀመሩ። ከ22 አገሮች የተውጣጡ 32 ባለሙያዎችን ስምምነት ይዘው «ማፍልድ» የሚል ስም አቀረቡ፤ ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የስብ ጉበት። ለውጡ ከስም ያለፈ ነበር። እስከዚያ ድረስ በሽታው የሚታወቀው በማስወገድ ነው፦ አልኮል የለም፣ ቫይረስ የለም፣ የሚያሰባ መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ ናፍልድ ነው። አዲሱ ትርጉም ይህን ገለበጠው። ጉበቱ ላይ ስብ ካለና ሰውየው ከመጠን በላይ ከወፈረ፣ ወይም ስኳር ካለበት፣ ወይም ቀጭን ሆኖ ቢያንስ ሁለት የሜታቦሊዝም መዛባት ምልክቶች ካሉበት ማፍልድ አለበት። ይጠጣል አይጠጣም፣ ሄፓታይተስ ቢ አለበት የለበትም ምርመራውን አያፈርሰውም፤ አንድ ሰው ሁለት በሽታ ሊኖረው ይችላልና። ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋበት የእስያ ክፍል ይህ በቶሎ ተወደደ። የእስያ ፓሲፊክ የጉበት ጥናት ማኅበር በዚያው ዓመት መመሪያ አወጣበት።

ከአሜሪካ ወገን ግን ቅሬታ ተነሣ። ዩኖሲ፣ ሜሪ ሪኔላና ሌሎችም ለውጡ ጊዜው ሳይደርስ የመጣ ነው ሲሉ ጻፉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕመምተኞች የመድኃኒት ሙከራ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም የተመረጡት በናሽ መስፈርት ነው። ትርጉሙ መሀል ላይ ከተቀየረ የአርባ ዓመት መረጃ ለማን ሊሆን ነው? ጠጪውና የማይጠጣው አንድ ላይ ከተቆጠሩስ መድኃኒቱ የቱን እንደረዳ በምን ይታወቃል? ደግሞም «ስብ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ስድብ ሆኖ ይሰማል፤ ማፍልድ እሱን አልነካውም።

ስለዚህ የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የላቲን አሜሪካ የጉበት ማኅበራት ሌላ ሸንጎ ጠሩ። 236 ሰዎች ከ56 አገሮች ተመረጡ፤ ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎች፣ የሕመምተኛ ወኪሎችም ነበሩበት። አሠራሩ ዴልፋይ ይባላል። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይመልሳል፤ ውጤቱ ለሁሉም ይመለሳል፤ ያንን አይቶ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ጮኾ የተናገረ ወይም ስሙ የገነነ ሌላውን እንዳይጫን ነው። አንድ ሐሳብ ለማለፍ 67 በመቶ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። አራት ዙር ተካሄደ። 74 በመቶው የነበረው ስያሜ ለመቀየር የሚያበቃ ጉድለት አለበት አሉ። «ነን-አልኮሆሊክ» የሚለውን 61 በመቶው፣ «ፋቲ» (ስብ) የሚለውን 66 በመቶው ሰውን የሚያሸማቅቅ ሆኖ አገኙት።

ውጤቱ ሰኔ 24 ቀን 2023 ቪየና ላይ፣ በአውሮፓ የጉበት ጉባኤ ተገለጸ። ጉበቱ ላይ ስብ ያለበት ሁሉ፣ መንስኤው ምንም ይሁን፣ «ስቲያቶቲክ የጉበት በሽታ» በሚል አንድ ጣሪያ ሥር ገባ። ከሥሩ ክፍሎች አሉ። ዋናው «ማስልድ» (ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ ስቲያቶቲክ የጉበት በሽታ) ነው፦ ስቡ አለ፣ ከአምስት ምልክቶች ቢያንስ አንዱ አለ፣ መጠጡ ከወሰን አላለፈም። አምስቱ ምልክቶች በተለመደ ምርመራ የሚለኩ ናቸው፦ የክብደት ወይም የወገብ መጠን፣ የደም ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል። ናሽ ደግሞ «ማሽ» ሆነ። ነቃፊዎች «ስቲያቶቲክ» ያው ስብ የሚለው ቃል የግሪክ ልብስ ለብሶ ነው ብለው ቀለዱ። እውነት ነው፤ ግን በግሪክኛው ቃል መንገድ ላይ ማንም አይሰደብም።

ትልቁ አዲስ ነገር በመሀል የተከፈተው ክፍል ነው። «ሜትአልድ» የተባለው፣ የሜታቦሊዝም መዛባት ኖሮባቸው በሳምንት ከ140 እስከ 350 ግራም አልኮል ለሚጠጡ ሴቶች፣ ከ210 እስከ 420 ግራም ለሚጠጡ ወንዶች ነው። ባለ አምስት በመቶ፣ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው፤ ስለዚህ ወንድን እዚህ ክፍል የሚያስገባው በሳምንት 16 ጠርሙስ ግድም ነው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት ቤት አልነበራቸውም፤ ለናፍልድ ጥናት ብዙ ይጠጣሉ፣ ለአልኮል ጉበት ጥናት ያንሳሉ ተብለው ከሁለቱም ይወጡ ነበር።

የአሜሪካኖቹ ሥጋትም በአብዛኛው ረገበ። የቆዩ መረጃዎች በአዲሱ መስፈርት ሲፈተሹ ናፍልድ ከተባሉት ሰዎች ከመቶ 98 ወይም 99 ያህሉ ማስልድ ሆነው ተገኙ። የአርባ ዓመቱ ሥራ ሳይጣል ወደ አዲሱ ስም ተሻገረ። ከሰባ በላይ ማኅበራት ደገፉት። የእስያ ፓሲፊኩ ማኅበር ግን ማፍልድን አልተወም፤ እስካሁንም ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ስሙ በተገለጸበት በዚያው ሳምንት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኦቤቲኮሊክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት ለሁለተኛ ጊዜ ሳይፈቅደው ቀረ። ስም ተገኝቶ መድኃኒት አልነበረም። ዘጠኝ ወር ገደማ አልፎ፣ መጋቢት 14 ቀን 2024፣ ሬስሜቲሮም የመጀመሪያው ሆኖ ጸደቀ። 966 ሰዎች በተካተቱበት ሙከራ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 29.9 በመቶው ብግነታቸው ጠፋ፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 9.7 በመቶው። ነሐሴ 15 ቀን 2025 ደግሞ ለክብደት መቀነሻ የሚታወቀው ሴማግሉታይድ ተከተለ፤ በሙከራው 62.9 በመቶ ለ34.3 በመቶ። የመጀመሪያው መድኃኒት ሲጸድቅ መግለጫው ላይ የተጻፈው በሽታ «ናሽ» ነበር፤ የሁለተኛው ላይ «ማሽ»። በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ባለፈው 17 ወር አዲሱ ስም ከጉባኤ አዳራሽ ወጥቶ መንግሥት ያጸደቀው ወረቀት ላይ ሰፈረ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጉበት ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ በትክክልም ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ታይቶ «ፋቲ ሊቨር» የሚል ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ወረቀቱን አጣጥፎ «ትንሽ ስብ ነው፣ ምንም አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ከአዲሶቹ ትርጉሞች እያንዳንዱ ለዚህ ሰው ጥቅም አለው። ማፍልድ ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው ስብ «ዋናው ቫይረሱ ነው» ብሎ አያልፈውም። ሜትአልድ ደግሞ ስለ መጠጥ የሚጠየቀውን ከ«ጠጪ ነህ?» ወደ «በሳምንት ስንት?» ይለውጠዋል፤ ምንም እንኳ የቤት ጠላና አረቄ መጠኑ በጠርሙስ ላይ ተጽፎ ባይመጣም፣ መልሱ ቢያንስ በግምት ሊቆጠር የሚችል ጥያቄ ነው።

የማይለወጠውን ለይቶ ማወቅም ይገባል። ስሙ ናፍልድም ተባለ ማስልድ፣ የሕመምተኛውን ዕድሜ የሚወስነው የስቡ ብዛት ሳይሆን ጠባሳው የደረሰበት ደረጃ ነው፤ ከጉበቱ ይልቅ ብዙዎቹን የሚገድለውም የልብ ሕመም ነው። አሮጌው ስም ምርመራውን የሚዘጋው «አልጠጣም» በሚል መልስና ሌሎች መንስኤዎችን በማስወገድ ነበር። አዲሱ ስም ግን ከአምስቱ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ ሳይገኝ ሊጻፍ አይችልም። «ፋቲ ሊቨር» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው አምስቱ ምርመራዎች እንዲደረጉለትና ጠባሳው የት እንደደረሰ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት አለው።